የማትበላው አብሳይ

የፋብሪካው ሠራተኞች አብሳይዋን «ቅምሻ» ነበር የሚሏት። ያን ሁሉ ድስት አብስላ፣ ጨው ለማየት ምላሷን ታስነካለች እንጂ ሰሃን ይዛ ስትቀመጥ ያያት የለም። «ራሷ የማትበላውን ታበላናለች፤ ምን ጨምራበት ይሆን?» ይሏታል። እሷም አብራ ትስቃለች።

እውነቱ ግን እህል ሆዷ በገባ በጥቂት ደቂቃ ከእንብርቷ በላይ እንደ ጨርቅ የሚጨምቃት ነገር ነበር። ጨጓራ ነው ተብላ መድኃኒት ዋጠች። በጉሮሮዋ ካሜራ አስገብተው ቢያዩ ጨጓራዋ ንጹሕ ነው። ሌላው ሐኪም «ጭንቀት ነው» ብሎ ሸኛት። ልብስ ሰፊው ባሏም ነገሩ ሲከነክነው ቆይቶ፣

«ከእኔ ጋር መብላት ነው የጠላሽው?» አላት።

«ምነው አንተ! ሆዴን አሞኝ እኮ ነው።»

«ምንም የለሽም አሉ አይደል?»

ከዚያ ወዲህ እሱን ደስ እንዲለው ትበላና ጓዳ ገብታ ጉልበቷን አቅፋ ትቀመጣለች። አንድ ቀን እዚያው ደረሰባት። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ሆስፒታል ወሰዳት።

የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ወሬ የማታበዛ ሴት ነች። ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አሳርፋ፣ «ትንፋሽዎን ያስወጡና ሳይስቡ ይቆዩ» አለቻት። ቆይታም፣ «ደምዎ እዚህ ጋ ያፏጫል። ጠባብ ቦታ ሲያልፍ ነው እንዲህ የሚሆነው» አለች።

የደም ሥር ምርመራውም ያንኑ አሳየ። ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ የመጣ ጅማት፣ ለጨጓራ ደም የሚያደርሰውን ሥር አንቆት ኖሯል። ከስንት አንድ ሰው ላይ የሚገኝ ነገር ነው።

«ሆዷን ሊቀድዱት ነው ዶክተር?» አለ ባልየው።

«የለም። በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብተን ጅማቱን እንቆርጠዋለን። ግን ሁሉም ሰው ላይ ሕመሙ አይለቅም፤ ይህንንም ይወቁት።»

«በቀዳዳ! እኔ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼውም አጣምሜ እቆርጣለሁ» አለ። ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ከቀዶ ሕክምናው ስትነቃ ያመማት ትከሻዋ ነው። «የተነካው ሆዴ፣ የሚያመኝ ትከሻዬ!» ብላ ነርሷ ላይ ጮኸች።

«ሆድዎን ለመንፋት ያስገባነው አየር ነው እናቴ፤ ቀስ እያለ ይለቅዎታል።»

በማግስቱ ሾርባ አመጡላት። ጠጥታ ስታበቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ሕመሙን ጠበቀችው። ቀረ። ባሏን ዞር ብላ አየችው።

«አንተስ፣ በልተሃል?»

«ከትናንት ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል።»

«ሂድ ብላ እንግዲህ!»

ሥራዋን የቀጠለችው ከወር በኋላ ነው። ከበድ ያለ ነገር ስትበላ አልፎ አልፎ አሁንም ቆንጠጥ ያደርጋታል፤ ትንሽ አረፍ ትልና ይተዋታል።