ለአንድ ክረምት የጻፍነው ሕግ

የዲላ ነጋዴ ስለ አብዮት ሲያወራ ብዙውን ጊዜ ሱቁ ስንት ቀን እንደተዘጋ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ባለፈው ክረምት አብዮት ላይ ተሳትፌያለሁ፤ ከዚያም አልፌ ሕግ አርቅቄያለሁ። አገሩ ትንሽ ነው፤ የገበያችን እድር። ቢሆንም ሊቀመንበር ነበረው፣ ማኅተም ነበረው፣ ተቃዋሚም ነበረው። አገር ለመባል የጎደለው ባንዲራ ብቻ ነበር።

ሊቀመንበሩ እድሩን ከሃያ ዓመት በላይ መርተዋል። በደንብ ነው የመሩት፤ ጥፋታቸው ሌላ ሰው እንዲመራ አለመፍቀዳቸው ነው። ምርጫ ይደረግ ሲባሉ "ዝናቡ ይለፍ" ይላሉ፤ ዝናቡ ሲያልፍ "ቡናው ይለቀም" ይላሉ። ማኅተሙ ከኮታቸው ኪስ ወጥቶ አያውቅም። አንድ እሑድ በስብሰባ መሀል ሰው በቃኝ ብሎ ተነሳ። አንዱ ሲጮህ ሌላው ተከተለ፤ በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ። ከኋላቸው ያጨበጨቡ ነበሩ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ብክድም ያዩኝ ብዙ ናቸው።

እኚህ ሰው ለእኔ እንዲሁ ሊቀመንበር ብቻ አልነበሩም። ደርግ በወደቀ ሰሞን እሳቸው ሱቅ ደጃፍ ላይ በርበሬ በጋዜጣ እየጠቀለልኩ የምሸጥ ጎረምሳ ነበርኩ። አንድ ቀን ልቀደው ያነሳሁትን ጋዜጣ ከእጄ ላይ ያዙት።

"ይሄንን ተወው። የሽግግር ዘመኑ ቻርተር ነው።"

"ቻርተር ምንድን ነው ጋሼ?"

"ዋናው ሕግ እስኪመጣ የሚያገለግል ሕግ። እሱ ከሌለ ያሸነፈ ሁሉ ያሻውን ያደርጋል።"

ማንበብ እንደነገሩ ነበር የምችለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ሲቀዘቅዝ አስቀምጠውኝ አንቀጽ በአንቀጽ ያስነብቡኝ ጀመር። ሁለት ዓመት ተኩል የተባለው ሽግግር አራት ዓመት ሲፈጅ አገሩ ሁሉ አማረረ፤ እኔን ግን ጠቀመኝ፣ ንባቤ ተቃና። ባለቤታቸው ደግሞ ቀትር ላይ ቆጮ በጎመን ታወጣልኝ ነበር፤ "ብላ፣ ሕግ ባዶ ሆድ ውስጥ አይቀመጥም" እያለች። እሳቸውን አንቱ፣ እሷን አንቺ እያልኩ ነው የጎለመስኩት።

እንግዲህ እሳቸው በወረዱ በሳምንቱ፣ አዲስ አመራር እስኪመረጥ ድረስ የሚያገለግል ጊዜያዊ ደንብ እንድናወጣ ሦስት ሰዎች ተመረጥን፦ እኔ፣ ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጡት ሐጂ፣ ከወናጎ ቡና የሚያመጡ አንድ የጌዴኦ ሽማግሌ። ሐጂ ከሊቀመንበሩ ጋር የቆየ ቂም አለባቸው፤ የእድሩ ድንኳንና ዕቃ የሚቀመጠው በሐጂ መጋዘን ስለሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲታዘዙ ኖረዋል። በሐጂ ሱቅ ተቀመጥን።

ሽማግሌው "በእኛ በጌዴኦዎች የባሌ ሥርዓት" አሉ፣ "አባ ገዳው በሥልጣን ስምንት ዓመት ሲሞላው ያስረክባል። ማንም አይገፋውም፣ ማንም አያጨበጭብበትም። እናንተ መጀመሪያ ገፋችሁ፣ ከዚያ ሕግ ፈለጋችሁ።"

"አባባ፣ አንዴ ተገፍቷል" አሉ ሐጂ። ወደ እኔ ዞረው "አንተ ጻፍ" አሉኝ።

ጻፍኩ። ሰባት አንቀጽ ሆነ። ስድስቱ ደህና ነበሩ። ሰባተኛው ላይ፣ የወረደውን ሊቀመንበር ምን እናድርጋቸው የሚለው ላይ፣ ብዕሬ ቆመ። ቀና ስል ከሐጂ ራስ በላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዝቅ ብዬ እንዲህ ጻፍኩ፦ "ከኃላፊነት የወረደ ሰው እስከ ጠቅላላ ጉባዔ ድረስ እሱም ቤተሰቡም በእድሩ አይገለገሉም፤ ውሳኔው አይመለስም።"

"ማሻ አላህ!" አሉ ሐጂ። "ይሄ ነው ሕግ!"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን ፈረሙ። የነጋዴ ሕግ እንዲህ ነው፤ ዕቃው ሰው መሆኑን ይረሳል።

ግቢዬ ውስጥ የተከራየች የዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህርት አለች፤ ከጎጃም የመጣች ልጅ ናት። ደብተሩን ይዤ ሄድኩ፤ መቼም ምስጋና ፈልጌ ነው። ልብስ እያሰጣች ነበር፤ እጇን ጠርጋ ተቀበለችኝ። እስከ ስድስተኛው ፈገግ እያለች አነበበች። ሰባተኛው ላይ ፈገግታዋ ጠፋ።

"ጋሼ፣ ይሄን ማን ጻፈው?"

"ኮሚቴው።"

"ኮሚቴው በእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ነው እንዴ የሚጽፈው?"

ደብተሩን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም።

"አብዮት ያካሄዱ አገሮች ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ሲጽፉ እዚህ ጋ ነው የሚፈተኑት" አለች። "የወደቀውን ሰው ምን እናድርገው? የሚለው ላይ። ደቡብ አፍሪካውያን የእነሱን ሲጨርሱ በቀል አያስፈልገንም ብለው ጽፈዋል።"

"እነሱ ሐጂን አያውቋቸውም።"

ሳቀች፤ ግን አልለቀቀችኝም። "ጊዜያዊ ነው ብለው እንዳይንቁት። በጊዜያዊ ሕግ ዘመንም ሰው ይወልዳል፣ ይታመማል፣ ይሞታል።"

"ለሁለት ወር እኮ ነው የኔ ልጅ" አልኳት። ለሁለት ወር ማን ይሞታል ብዬ ነው መሰለኝ።

ወር ሳይሞላ የሊቀመንበሩ ባለቤት አልጋ ያዘች። ሰው ሊጠይቃት ፈራ፤ ከታገደ ቤት መግባት ያስቀጣ ይሆን ብሎ። እኔም ሁለት ቀን አመነታሁና በሦስተኛው ብርቱካን ይዤ ገባሁ። ሊቀመንበሩ ሳያናግሩኝ ወንበር አቀረቡልኝና ወጡ። እሷ ከስታ ከትራሱ ጋር አንድ ሆናለች።

"መጣህ? እኔማ አንተንም አገዱህ ብዬ ነበር።"

"እኔን ማን ያግደኛል፣ እትዬ።"

"እድሩ ለእኔም ነው የተዘጋው?" አለችኝ። "የሰው ለቅሶ ላይ ስንት ዘመን ወጥ ሠራሁ። እኔ ስሄድ ድንኳን አይተከልልኝም?"

"ጊዜያዊ ነው" አልኳት።

እጄን መታ መታ አደረገች። "እኔም እኮ ጊዜያዊ ነኝ፣ ልጄ።"

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። አንቀጽ ሰባትን እናንሳው አልኳቸው። ምስማር እየመዘኑ ነበር፤ ቀና አላሉም።

"ሕግ ነው። ጠቅላላ ጉባዔው ያንሳው።"

"ጉባዔው እስኪደርስ ብትሞትስ?"

"አንተ አይደለህ 'አይመለስም' ብለህ የጻፍከው? ወላሂ እኔ እንዲህ አድርጌ መጻፍ አልችልበትም።"

ጉባዔው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ማለዳ ላይ በሬ ተንኳኳ። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ነው። ጥሩንባውን በነጠላው ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎታል።

"አረፈች" አለኝ። "እንግዲህ ልንፋ ወይስ አልንፋ? ደንቡ ምን ይላል?"

ደንቡ ምን እንደሚል ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። "ንፋ" አልኩት። "ከጠየቁህ እሱ ነው ያዘዘኝ በል።"

"ሐጂስ? ድንኳኑ እኮ እሳቸው ጋ ነው።"

"አንተ ንፋ ብቻ። ሐጂን ለእኔ ተወው።"

ጥሩንባው በጭቃው መንገድ ላይ ሲጮህ እኔ ወደ ሐጂ መጋዘን እሮጣለሁ። በዕድሜዬ ለገበያ እንኳ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። በመንገድ ላይ ለሐጂ የምለውን ስደረድር ነበር፤ ስድብም ነበረበት፣ ልመናም ነበረበት። ስደርስ የመጋዘኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሐጂ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፍተው፣ ላብ እያጠመቃቸው፣ ብቻቸውን የድንኳኑን ቋሚ ብረቶች ወደ ውጭ ይጎትታሉ።

"ሐጂ፣ አንቀጽ ሰባትስ?" አልኳቸው፣ ከድንጋጤዬ የተነሳ።

"ወሬ ተውና ያንን ጫፍ ያዝ!"

ድንኳኑን ለቅሶው ቤት ደጃፍ ላይ ተከልነው። ሊቀመንበሩ ከቤት ወጡ። ሰውን አላዩም፤ ድንኳኑን ነው ያዩት። ዙሪያውን በዓይናቸው ዞሩና "በግራ በኩል ገመዱ ላልቷል። ሰማዩ ዝናብ ይዟል" አሉ። ሐጂ ሄደው አጠበቁት።

በሦስተኛው ቀን እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ሐጂና ሽማግሌው ባሉበት፣ አንቀጽ ሰባትን ሰረዝኩት፤ በቦታው በየትኛውም ጊዜ፣ በየትኛውም ጠብ፣ ማንም አባል ወይም ቤተሰቡ ከቀብርና ከድንኳን አይከለከልም የሚል ጻፍን። ሦስታችንም ፈረምን። ጉባዔውም ሳይከራከር አጸደቀው፤ አሁን በዋናው ደንባችን ውስጥ አለ። መምህርቷ አንብባ "ይሄኛው ጥሩ ነው" ብላኛለች።

እትዬ ግን ይህን ሳታውቅ ነው የሄደችው። ያን ቀን አልጋዋ አጠገብ "ይተከላል፣ እትዬ" ብላት ምን ነበረበት? ሕጉን የጻፍኩት እኔው አልነበርኩ?