ስክሪፕቱ ላይ ያልነበሩት ቄስ

ዛሬ ሞላሌ ላይ የፊልማችንን የግድያ ትዕይንት ስንቀርጽ አንድ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው በሽጉጡና በ“ሟቹ” መሃል ገቡ።

ፊልሙ በደርግ ጊዜ ለአብዮቱ ብለው ሰው ስለሚገድሉ ወጣቶች ነው። ቄሱን ያመጣናቸው ከሕዝቡ ጋር ቆመው እንዲያዩ ብቻ ነበር።

“መምሬ፣ እርስዎ እኮ ስክሪፕቱ ላይ አይገቡም” አልኳቸው። (አራት ጊዜ ያረምኩት ስክሪፕት ነው፤ በእኔ ቤት እንከን የለውም።)

“መሣሪያ ተመዞ ቄስ ቆሞ ያያል እንዴ ልጄ? ያን ጊዜ በደርግም፣ የእውነት ሲገድሉ፣ መሃል ገብቼ ነበር።”

“ታዲያ ሰሙዎት?”

“መስቀሉን ተሳለሙ። ከዚያ ሰውየውን ገደሉት።”

ስክሪፕቱን እዚያው ቀየርኩት። እኔ ገዳዮቹን አውሬ አድርጌ ነበር የጻፍኳቸው። ነገ የምንቀርጸው መስቀል ተሳልመው የሚተኩሱ ልጆችን ነው፤ ፊልሙም አሁን ገና ፊልም ሆነ።

እናንተ አገርስ ያን ጊዜ መሃል የገባ ሰው ነበር? ገዳዮቹስ ምን አሉት?