አበልጃችን እጃቸውን ለማን አወጡ

በዚያ ዘመን ስብሰባ የሚጀመረው በግራ እጅ ነበር። ግራ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ እንሰቅልና መፈክር እናሰማለን፤ ምርጫ የሆነ ቀን ደግሞ ቀኙም ተራውን ያገኛል። እናቴ፣ ሁለቱንም ስሰቅል እየዋልሁ ውሃ የምቀዳበት ክንድ አጣሁ እያለች ታማርር ነበር።

የቀበሌያችን ተወካይ ሆኖ በከተማው ጉባዔ የሚቀመጠው አባቴ ነበር። ቤታችን ዓባይ ማዶ፣ ሥራው ሐይቁ ዳር፤ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ቀድሞ የሚደርስ ሰው ስለነበር ጎረቤቱ በጭብጨባ መረጠው። ተወካይ ማለት የቦኖ ውሃ የሚያስመጣ ሰው መስሎን ነበር። እውነትም ውሃውን አስመጣ። ቆይቶ ግን የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ፤ ጥሪውን በየቤቱ ማድረስም የተወካዩ ሥራ ሆነ።

ጥሪ ከደረሳቸው ልጆች አንዱ የአባቴ የክርስትና ልጅ ነበር። እናቱ በአጥር የምንዋሰን ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው ሞቶባቸው ከዓባይ ድልድይ አፋፍ ዓሣ እየሸጡ ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት። አባቴ ልጁን ክርስትና ካነሣ ጀምሮ ሁለቱ «አበልጅ» ተባብለው ነው የኖሩት፤ እኛም ቤት ውስጥ የምንጠራቸው አበልጃችን እያልን ነበር። አባቴ ጥሪውን ያደረሰ ዕለት አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። ልጁም ወደ ሰሜን ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ በድልድዩ ሲያልፍ አበልጃችን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ብድግ ማለት ጀመሩ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ጓድ ተወካይ» ይሉታል። ድሮ ተነሥተውለት አያውቁም፤ «አበልጅ፣ ና ቅመስ» ነበር ሰላምታቸው። ስድብ ቢሆን አባቴ ይችለው ነበር፤ ይህን ብድግ ማለት ግን አልቻለውም። እራት ላይ እናቴን፣ «ፈርታኝ ነው ወይስ ጠልታኝ? አንዱን እንኳ ባውቀው ይቀለኝ ነበር» አላት።

የተወካዮች ምርጫ እንደገና ሲመጣ ተወው ብዬ ለመንሁት። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የምመርጥበት ዓመት ስለነበር ምክር የመስጠት መብት ያገኘሁ መስሎኛል። እሱ ግን እንቢ አለ። ለወንበሩ ሳስቶ አልነበረም። በምርጫ ቀን ተወዳዳሪዎቹን ጀርባቸውን አዙረው ነው የሚያቆሟቸው፤ መራጩ ዓይን እንዳይፈራ። አበልጄ ፊቴን የማትፈራበት አንድ ቀን ቢኖር ያ ነው፤ ይቅር ብላኝ እንደሆነ እጇ ይናገራል አለ።

ተፎካካሪው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሐይቁ ዳር ጀልባ ሲሠሩ ከኖሩ እስላም ቤተሰብ የተወለዱ፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የትምህርት ቤት ልብስ የሰፉ ጨዋ ሰው። ወጣቶቹ ናቸው ግድ ብለው ያቀረቧቸው። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ቦኖው ላይ ሴቶቹ ባልዲያቸው ሞልቶ እየፈሰሰ ይከራከሩ ነበር። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ግን «ምረጡኝ» ማለት ነውር ሆኖባቸው፣ አባቴ የልብስ ሰፊውን ትዕግሥት፣ ልብስ ሰፊው የአባቴን ልምድ ሲያወድሱ ሰነበቱ። የሰማቸው ሰው ሁለቱም አትምረጡኝ እያሉ የሚለምኑ ይመስለው ነበር።

ምርጫው ቀበሌው ግቢ፣ ዋርካው ሥር ሆነ። ከከተማ የመጣው ካድሬ ሁለቱን ጎን ለጎን ፊታቸውን ወደ ዓባይ አዙሮ አቆማቸው። መጀመሪያ የአባቴ ስም ተጠራ። እጄን ላወጣ ስል እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችው።

«ለገዛ አባትሽ? ሰው ምን ይላል?»

ይሉኝታዋን አውቀዋለሁ፤ አሁንም ሳስበው ግን ያናድደኛል። ከኛ ቤት አንድም እጅ አልወጣም። ከሌላው ቤት ግን ወጣ፤ ከፊት እስከ ኋላ፣ አሮጊቱም ወጣቱም። አበልጃችንን ፈለግሁ። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ እንዳጣጠፉ ናቸው። አባቴን ሳየው አንገቱ ቀስ በቀስ ወደ መሬት እየወረደ ነበር።

የልብስ ሰፊው ስም ሲጠራ የአበልጃችን እጅ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። አባቴ ፊቱን ከዓባይ ሳይመልስ ቀኝ እጁን አወጣ። ሰው አጉረመረመ። ካድሬው ጥቂት ግራ ተጋብቶ፣ እሱም ነዋሪ ነው ብሎ ቆጠረው። ልብስ ሰፊው በአንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ምን ነክቶህ ነው ብዬ ጮኽሁበት።

«ስሜ ሲጠራ ከኋላዬ ኮሽታ አልሰማሁም» አለ። «አንድ ሰው እንኳ ያላወጣልኝ መስሎኝ። እሱም እንደኔ ባዶውን እንዳይቆም ብዬ አወጣሁለት።»

እጅ ሲወጣ ድምፅ እንደሌለው ረስቶታል። መንገድ ላይ አቀፍሁት። ግማሹ ሰፈር አውጥቶልሃል እያልሁ አንድ በአንድ ቆጠርሁለት፤ ፊቱም በራ። ቤት ገብተን እራት ሲቀርብ ግን የፈራሁትን ጠየቀኝ።

«አበልጄስ?»

እናቴን አየኋት። ንገሪው በሚል አንገቷን ነቀነቀች።

«ለልብስ ሰፊው አወጡ። ከሁሉም ቀድመው።»

የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው። ሳይበላ ተኛ።

በማግሥቱ ጠዋት አብሬው ወጣሁ። መዞሪያ ቢኖር ይዞር ነበር፤ ዓባይን መሻገሪያው ግን ያው አንድ ድልድይ ነው። አበልጃችን አፋፉ ላይ ተቀምጠው የቀረሶ ዓሣ ቅርፊት ይፍቃሉ። አባቴ ሲደርስ ቀና ብለው አዩት፤ አልተነሡም። እሱ ሳይነሡ ሲቀሩ የሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ።

«ጠልታኝ ነው ብለህ አድረሃል» አሉት፤ ቢላዋቸው ሥራውን ሳያቋርጥ። «ሁለተኛ ጥሪ ይዘህ በሰው ደጅ እንዳትቆም ብዬ ነው ያወረድሁህ። ልጄ ሲመለስ የክርስትና አባቱን ይፈልጋል፤ ተወካይ ምን ይሠራለታል?»

«እሱስ?» አለ አባቴ፤ ልብስ ሰፊውን ማለቱ ነው።

«እሱማ ክርስትና ያነሣው ልጅ የለው።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ዓይናቸው ሞላ። አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ በእግራቸው ወደ አባቴ ገፋ አደረጉለት።

«ና ቁጭ በል፣ አበልጅ። ፀሐይ ሳይመታው አግዘኝ።»

አባቴ ተቀመጠ። ቢላዋ ተቀብሎ አንዱን ቀረሶ ያዘ፤ ዕንባው እየወረደ ስላስቸገረው ግማሹን ቅርፊት ሳያነሣ አስቀመጠው። አበልጃችን ዓሣውን አንሥተው እንደገና ፋቁት።