ለቀኝ እጅጌው የሚሆን ክር

ሰው ሹራብ ሊያሠራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያወራኝ ስለ ቀለሙ ነው፤ ቀጥሎ ስለ ልኩ። ስለ ክሩ የሚጠይቀኝ የለም። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ ክሩ ካልሆነ ልክህ ምን ሊፈይድልኝ ነው እላለሁ። ሹራብ ቅርጹን የሚያገኘው ከሜትሩ ሳይሆን ከክሩ ነው። ጥጥ ለስላሳ ነው፤ ግን አንዴ ከተለጠጠ የሚመልሰው የለም፣ ሲታጠብም በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል። ሱፍ ተለጥጦ ይመለሳል፣ ይሞቃል፤ ግን አንገት ይበላል። አክሪሊክ የሚባለው የሱቅ ክር አይበላም፣ አይከብድም፤ ግን ላብ ያፍናል፣ ትኩስ ካውያ የነካው ዕለትም ነፍሱ ትወጣለች። ሙያው አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዲሸፍን አደባልቆ መሥራት ነው። እናቴ እስክትታመም ድረስ ይህን ሁሉ የማውቀው ለደንበኛ ነበር።

እናቴን ስትሮክ የመታት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሆስፒታል ሰንብታ ከቁስቋም ወረድ ብሎ ወዳለው ቤታችን ስትመለስ ቀኝ ጎኗ አይታዘዛትም፣ አንደበቷም ተዘግቷል። ዓይኗ ግን ሁሉን ይከታተላል። በጣም የከበደኝ እሱ ነው፤ እያየችኝ ምን እንደምታስብ አለማወቄ። የማይንቀሳቀሰውን እጇን ጋቢ ውስጥ ደብቃ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ልናጥበው ስንገልጠው እንኳ ዓይኗን ትጨፍናለች። ያ እጅ የእሷ አይደለም ያለች ይመስላል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ቤት ድረስ መጥታ አየቻትና በረንዳው ላይ ጠራችኝ። ወጣት ናት፣ ነገር አታለባብስም።

"ማዘርን በየቀኑ ቁጭ ማድረግ አለባችሁ" አለችኝ። "በጀርባዋ ተኝታ ከከረመች አክታው ሳንባዋ ላይ ይቀመጣል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲህ ከቀጠለች ክረምቱን አትወጣውም።"

"ቁጭ ስትል ትንቀጠቀጣለች። ጋቢው በቀኝ በኩል ይንሸራተታል፣ እሷ ደግሞ መያዝ አትችልም።"

"ሹራብ አልብሷታ። ሲለበስ የታመመው እጅ ይቀድማል፣ ሲወልቅ ጤነኛው። ትከሻዋ ላልቷል፣ እንዳትጎትቱት። የሚከብድ ነገርም እንዳይንጠለጠልበት።"

ሹራብ አልብሷት ትለኛለች፣ እኔን። በሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ቤት ውስጥ ያሉትን ሹራቦች ሁሉ ሞከርን። ጠበብ ያለው እጇን ሲያስጎትተን እናቴ ድምፅ ሳታወጣ ጥርሷን ትነክሳለች፣ ከዚያ ሙሉ ቀን ሰው አታስነካም። ሰፋ ያለው ደግሞ ተንጠልጥሎ ትከሻዋን ቁልቁል ይስባል። የምፈልገው ገባኝ፤ ሰፊ ሆኖ የማይንዘረፈፍ፣ ሞቆ የማይከብድ፣ ሲዘረጋ የሚዘረጋ ሲለቀቅ የሚመለስ እጅጌ። ከሰልባጅ ተራ የገዛሁትን የሱፍ ሹራብ ተርትሬ፣ ክሩን አጥቤ፣ መዳፍ የሚያህል ናሙና ሠርቼ አንገቷ ሥር አደረግሁት። እስኪመሽ ቆዳዋ ቀላ። አክሪሊኩን ብሞክር ጀርባዋ በላብ ራሰ፣ በማግስቱ ሽፍ አለ። ሁለቱን ባደባልቅ ሁለቱም ክፋታቸውን ይዘው መጡ። የፋብሪካ ጥጥ ጨምሬ የሠራሁት ናሙና ቆዳዋን ተስማማው፤ ሲደርቅ ግን እንደ ሻሽ ረዝሞ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ክር ላይ ተናድጄ አላውቅም። ሐምሌ ነበር፣ የእንጦጦ ጉም ቀኑን ሙሉ አይገለጥም፣ እናቴም ማሳል ጀምራ ነበር።

አማራጭ ሳጣ ወደ ቅርጫቱ ሄድኩ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል ኖራለች። ቅርጫቱ ውስጥ በእጇ የፈተለችው ማግ፣ ለጋቢና ለነጠላ በአግድሙ የሚገባው ለስላሳ ክር ማለት ነው፣ በድውር በድውር ተጠቅልሎ ተደርድሯል። እንደዚያ ያለ ክር ሱቅ አይገኝም። ያ እጅም ከእንግዲህ አይፈትልም፤ ያለው ያ ብቻ ነው።

ታላቅ እህቴ ቅርጫቱን ጭኔ ላይ አይታ በሩ ላይ ቀጥ አለች። ትዳሯና ቤቷ ታች ጳውሎስ ነው፣ አንድ ቀን ሳታልፍ እየመጣች እናታችንን ታጥባለች፣ ታበላለች። ስትቆጣ ግን ለያዥ ለገናዥ ታስቸግራለች።

"ምን ልታደርጊበት ነው?"

"ሹራብ ልሠራላት።"

"እሱ እኮ ለመገነዣዋ ነው። ራሷ ነግራኛለች። ሸማኔ ሰጥተሽ ታሠሪልኛለሽ ብላኛለች።"

ለእኔ አልነገረችኝም። አብሬያት የምኖረው እኔ፣ ክር የማውቀው እኔ፣ የተነገራት እሷ። ቅናቱ ከንዴቱ ቀደመ።

"ቆማ ሳለች መገነዣ ታዘጋጂያለሽ?" አልኳት።

"አንቺ ነሽ በቁሟ የምትቀሚያት። የቀራት አንድ ቃል ነው፣ እሱን ደግሞ እኔ ጋ ነው ያስቀመጠችው። እጅሽን እንዳታነሺበት።"

"በዚህ ብርድ ተኝታ ከቀረች መገነዣው ቶሎ ይደርስልሻል።"

ይህን ስል እናቴ አልጋው ላይ ናት፣ ትሰማለች። ሁለታችንም ዞርን። ዓይኗ ተጨፍኗል። ይሁን ትበል አይሁን የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። እህቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቅርጫቱን በቁሟ ደባብሳ፣ አልጋው አጠገብ ትንሽ ጎንበስ ብላ ወጣች። ከልጅነታችን ጀምሮ ድርና ማግ ናቸው የተባልን እህትማማቾች ከዚያ ቀን በኋላ አንዳችን ስንገባ አንዳችን መውጣት ጀመርን። እኔ ግን ክሩን ጀመርኩት።

የእጅ ፈትል ለስህተት አይመችም። የፋብሪካ ክር ቢበላሽ ተርትረሽ ትመልሺዋለሽ፤ ማግ አንዴ ተሠርቶ ከተተረተረ እየተባዘተ ይበጠሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ናሙና ከእናቴ ክር ላይ ለዘላለም የሚቀነስ ነበር። የመጀመሪያውን ከማግ ብቻ ሠራሁት። አንገቷ ሥር ሳደርገው ምንም አልሆነችም፤ እንዲያውም አገጯን አሳረፈችበት። ደስታዬ ግን እስከማጥበው ድረስ ነበር። ከውሃ ሲወጣ ናሙናው ወደ ግራ ተንጋደደ። አራት ማዕዘን የነበረው ነገር ተጣሞ አረፈው። ሹራብ ቢሆን ኖሮ የጎኑ ስፌት ዞሮ ሆዷ ላይ ይመጣ ነበር።

ጨርቁን ይዤ ሽሮ ሜዳ፣ ለእናቴ ጋቢ ሲሠሩላት ወደ ኖሩት ሸማኔ ሄድኩ። በሁለት ጣታቸው ሳብ አድርገው ለቀቁት።

"ማግ ለብቻው ልብስ አይሆንም እኮ" አሉኝ። "በእኛ ሥራ የሚይዘው ድሩ ነው። አንቺ ድሩን የት አድርገሽው ነው?"

"ሹራብ ድር የለውም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው የሚይዘው ነገር ስጪው።" ከራሳቸው የድር ክር ላይ ትንሽ ቆርጠው ሰጡኝ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ፣ ማርያም ታስነሳት አሉኝ።

የእሳቸውን ድር ከማጉ ጋር አድርጌ ብሠራ መጣመሙ ቆመ፤ ግን ጨርቁ ደርቆ የማይለጠጥ ሆነ። ድር የሚሠራው ተወጥሮ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነው፤ የእናቴ እጅ ደግሞ የሚያልፈው የሚሸሽለት ነገር ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ ናሙና፣ ሌላ ክር ከቅርጫቱ ተቀነሰ። ሳሏ ወፍሯል። የዚያን ዕለት ቁጭ ብዬ ነገሩን ከሥሩ አሰብኩት። ማጉ የሚጣመመው የከረረው ወደ አንድ ጎን ብቻ ስለሆነ ነው። ሁለት ማግ አጣምሬ በእንዝርት ወደ ሌላው ጎን ባከርረው እርስ በርሱ ይያያዛል። ይህ ለመጣመሙ። ለመርዘሙ ደግሞ ከሰልባጁ የተረተርኩትን ቀጭን ሱፍ አንድ ፈትል ብቻ መሀል ላስገባበት፤ ጥጡ ስለሚከበው ቆዳዋን አይደርስባትም፣ ሲለጠጥ ግን እሱ ይመልሰዋል። አክሪሊኩ ዳሩ ላይ፣ ቁልፉ የሚተከልበት ጋ ብቻ ይግባ። በዚህ መልክ የሠራሁትን ናሙና አጥቤ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። በረንዳው ላይ ቆሜ፣ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ እያልኩ ሳስፈራራው ጎረቤት ሰምታ ሳቀችብኝ። ሲደርቅ ለካሁት። ልኩ አልተነቃነቀም። ግራና ቀኙን ይዤ ሳብኩት፣ ለቀቅሁት፣ ተመለሰ። አለቀስኩ።

ግራ እጅጌውን አስቀደምኩ። ስህተት ካለ ጤነኛው እጅ ይሸከመው ብዬ ነው። ከዚያ አካሉን፣ ከፊት የሚከፈት፣ በቀኝ ትከሻም በኩል እስከ አንገት በቁልፍ የሚዘጋ። ቀኙን እጅጌ ከትከሻው ቁልቁል እየሠራሁ መጨረሻ ላይ አመጣሁት። ሲያጣድፈኝ የነበረው የእናቴ ሳል ነበር ማለት እችላለሁ፤ እሷ ስትስል መርፌዬ ይፈጥናል። የክሩን ልክ በዓይኔ አውቀዋለሁ፣ እንደሚበቃኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ከክርኗ አለፍኩ፣ ወደ አንጓዋ ተጠጋሁ፣ እጄን ቅርጫቱ ውስጥ ስሰድ ባዶ ነው። አልጋ ሥር ፈለግሁ፣ ሣጥኑን ገለበጥኩ። አንድ ድውር ጎድሏል። መዳፍና አንጓ የሚሸፍነው ያህል።

ሌላ ክር ልጨርስበት አልቻልኩም። ያን የመሰለ ሌላ የለም፤ የሱቁ ደግሞ እዚያች የማይሰማት ቆዳ ላይ ሽፍ ቢል ማን ያውቅለታል? ቁስል እስኪሆን አትነግረንም። በሌላ በኩል ሳሉ ጊዜ አልሰጠኝም። እሑድ ጠዋት መርፌዎቹን ያላለቀው እጅጌ ጫፍ ላይ እንደተሰኩ ትቼ፣ ጫፎቹ እንዳይወጓት በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ሹራቡን አለበስኳት።

የታመመው እጅ ይቀድማል። ትከሻውን ከፍቼ፣ እጇን በእጄ ደግፌ አሳለፍኩት። ፊቷን እያየሁ ነበር። ጥርሷን አልነከሰችም። ግራ እጇን ራሷ ገፍታ አስገባችው። ትራስ ደግፌ ቁጭ ሳደርጋት ሹራቡ ትከሻዋ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ፤ አልወረደም፣ አልተጣመመም። ከታመመች ጀምሮ ተቀምጣ ሳትንቀጠቀጥ ያየኋት ያኔ ነው።

እህቴ ከቅዳሴ መልስ ጠበል በጠርሙስ ይዛ ስትገባ እንደዚያ ሆነን አገኘችን። ሹራቡን አየች፣ የክሩን መልክ ወዲያው አወቀችው፣ ፊቷ ጠቆረ። ወንበር ስባ ከእናታችን ፊት ለፊት ተቀመጠች።

እናቴ ግን እኛን አላየችም። እጅጌው የማይደርስበት ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ተዘርግቶ ተጋልጧል፣ እሷም በግራዋ የእጅጌውን ጫፍ ይዛ ቁልቁል ትስበዋለች። ጣቶቹን እስኪደርስ ይዘረጋል፤ ስትለቀው ይመለሳል። እንደገና ትስበዋለች። ይመለሳል። ለዚያ መመለስ ስንት የለፋሁ፣ ስንት የኮራሁ ሰው፣ አሁን ክሩን ባነቅሁት ብዬ ተመኘሁ። እሷ ግን ደግማ ሳበችው።

እህቴ ነች መጀመሪያ ያልቻለችው። ቦርሳዋን ከፈተች፣ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የጎደለው ድውር ነበር።

"ለጣቶቿ ነው የወሰድኩት" አለችኝ፣ እናታችን እንዳትሰማ ዝቅ አድርጋ። "ሌላው ሁሉ ቢያልቅ እንኳ... ማለቴ፣ አውራ ጣቶቿ የሚታሰሩበት የራሷ ክር ይሁን ብዬ። ቃሌን በሙሉ እንዳልበላ።"

ሰው ሲሞት ሁለቱ አውራ ጣቶቹ በክር ይታሰራሉ። ቤቱን ስገለብጥ የዋልኩለት ክር ለዚያ ነበር የተቀመጠው። ልጮህባት አፌን ከፈትኩ።

እናቴ ድውሩን አየችው። እህቴ ደንግጣ ወደ ፌስታሉ ልትመልሰው ስትል የግራ መዳፏን ዘረጋችላት። እህቴ እኔን አየች። ሰጠቻት። እናታችን ክሩን በአውራ ጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው፣ የራሷ መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስላል። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ዞር ብላም፣ ከታመመች ጀምሮ ስትደብቀው የኖረችውን ቀኝ እጇን በግራዋ ከአንጓው አነሳችና ክሩ ላይ ደርባ ጉልበቴ ላይ አኖረችው።

ሹራቡን ሳላወልቅ እዚያው እጇ ላይ ቀጠልኩ። ክሩን ከሱፉ ጋር አጣመርኩ፣ መርፌዎቹን ከጨርቁ ፈታሁ፣ በአንጓዋ ዙሪያ ቀለበት በቀለበት ወደ ታች ወረድኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው፣ አቆመ፣ እንደገና መታው። ወደ መዳፏ ስደርስ መርፌው ለቆዳዋ ቀረበ፣ ብወጋትም እንደማትነግረኝ ስለማውቅ መርፌውን አቆምኩ። ያን ጊዜ እህቴ ከወንበሯ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ልታስረው ክር ያስቀመጠችለትን አውራ ጣትም መርፌው እንዳይወጋው በሁለት እጇ ሸፍና ያዘችልኝ።