ሱቁን ዘግተው ያደርሱ ነበር

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። መንገድ የጠየቃቸውን እንግዳ በጣታቸው ጠቁመው አይሸኙም፤ ሱቁን ዘግተው ራሳቸው ያደርሱታል።

አንድ የገበያ ቀን፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሊሠራ ከሩቅ የመጣ ወጣት ሙዚየሙ የት እንደሆነ ጠየቃቸው። ሙዚየሙን አሳዩት፤ ከተማዋን ቁልቁል እንዲያያት ጦሳ ተራራ አወጡት፤ ቤታችን ምሳ አብልተው ሚኒባስ ላይ አሳፈሩት። እኔ "ገበያው እኮ አመለጠን" ብላቸው ተቆጡ።

"ደሴ የመጣ ሰው በጣት ይሸኛል እንዴ?"

ባለፈው ሳምንት ያ ወጣት ሙዝ ገዝቶ ወደ ሱቁ መጣ። በር ላይ ባዶ ወንበራቸውን አይቶ "አባባ የሉም?" አለኝ። ማረፋቸውን ነገርኩት። "መቃብራቸው በየት በኩል ነው?" ሲለኝ፣ ልጠቁመው እጄን አነሳሁ።

መልሼ አወረድኩት። ሱቁን ዘጋሁና "ና፣ ላድርስህ" አልኩት።