ወደ በሩ የሚመለሰው ካሜራ

ያን ካሜራ ወደ በሩ እንዲመለስ ያደረግኩት እኔው ነኝ፤ በማንም ላላክክ አልችልም።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰበታ በደረሰ ሰሞን አንድ ፋብሪካ ውስጥ የካሜራ ቴክኒሻን ነበርኩ። የዋናው በር ካሜራ አንገቱን ወደፈለጉት ያዞራል፤ የሩቁን ሰው ፊት እስከ ሽበቱ ያቀርባል። የጥበቃ ኃላፊው "ልጆቹ ያሻቸው ቦታ አዙረው ይረሱታል፤ በሩን ማን ይይልኝ?" እያለ ነዘነዘኝ። ሶፍትዌሩ ውስጥ ገባሁና ካሜራው የሚዞርበትን መሪ ለሠላሳ ሰከንድ የነካው ሰው ከሌለ ካሜራው በራሱ ወደ በሩ ተመልሶ ፊት እንዲያቀርብ አደረግኩት። ኮርቼም ነበር፣ ሞኝ! ስጨርስ የይለፍ ቃሉን እንደ ደንቡ ኃላፊው ራሱ ቀይሮ ያዘው። ከዚያ ወዲያ መሪውን ማንቀሳቀስ እንጂ ቅንብሩን መለወጥ አልችልም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰልፉ በሩ ድረስ መጣ። ኃላፊው ወደ በሩ ወረደ፤ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ድንጋይ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማኛል። ስክሪኑ ላይ ከሞላው ሰው መካከል፣ ባርኔጣቸውን ዝቅ ያደረጉ ሽማግሌ አየሁ። ፉሪ ያለችውን ክፍሌን ያከራዩኝ ሰው ናቸው።

ማሳቸው በፕላኑ ልትሄድ ነው መባሉን ከሰሙ ወዲህ እህል አልበላ ብሏቸው ነበር። ቢሰለፉ አልፈርድባቸውም። ግን የካሜራው ቅጂ ማን እጅ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ በዚያ ሰሞን ሰው በአንድ ምስል ከቤቱ ይወሰድ ነበር። ፈራሁ።

ካሜራውን ወደ መጋዘኑ ጣሪያ አዞርኩት። ሠላሳ ሰከንድ ሲሞላ ተመልሶ ሕዝቡ ላይ ተተከለ። እንደገና አዞርኩት። በመጨረሻ ዘዴው ገባኝ፤ ሃያ አምስት እስኪደርስ እቆጥርና መሪውን ነካ አደርጋለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ባዶ ጣሪያ እያየሁ ቆጠርኩ። 

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ኃላፊው በሬዲዮ ጠራኝ። "በጓሮ በኩል ሰው ይታይሻል?" ስመልስለት ቆጠራው ጠፋኝ። ካሜራው ዞረ። አከራዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ቀና ብለው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ነበር። ፊታቸው ስክሪኑን ሞላው።

ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ሲበተን ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች መጥተው ቅጂውን አስከፈቱኝ። ወደ ላይ የተዘረጋችው እጅ ላይ ምስሉን አስቆሙኝ።

"ሕዝቡን የሚያነሳሳው ይሄ ነው" አለ አንደኛው። "ታውቂዋለሽ?"

"አላውቀውም" አልኩ። ለእሳቸው ብዬ ይሁን ለራሴ፣ ዛሬም አላውቅም። ምስሉን ገልብጠው ሄዱ።

አመሻሹ ላይ በእግሬ ፉሪ ስደርስ አከራዬ አጥሩ ሥር ቆመው እየጠበቁኝ ነበር።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነጋን ገልቴ? በሰላም ገባሽ? ፋብሪካው ሊቃጠል ነው ሲሉ ሰምቼ ልወስድሽ መጥቼ ነበር። ዘበኞቹ አላስገባ አሉኝ። ያ ካሜራሽ ሲዞር ጊዜ እጄን አነሳሁልሽ። አላየሽኝም?"

"አይቼዎታለሁ፣ አባባ። ሌሎችም አይተውዎታል። እባክዎ ዛሬውኑ ዘመድ ጋ ይሂዱ።"

ሳቁብኝ። "ምን አጠፋሁና? ከመጡ፣ አንቺን ፍለጋ እንደመጣሁ ትነግሪያቸው የለ?"

ለሰዎቹ አላውቀውም ማለቴን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። በምትኩ "ጋቢዎን ላምጣልዎ፣ ይሂዱ" ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።