የኤጎን ክንድ በፖስታ ሣጥን ውስጥ

ኤጎን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ብርዳማ የሰሜን አገር የአንዲት ደሴትን ማሻገሪያ መርከብ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሚስቱ ኢንገሊሰ ሞተችበት። ከዚያ ልጁ ማይከን ሁለቱን ሕፃናት አምጥታ «ለጥቂት ጊዜ ብቻ ያዝልኝ፣ አባዬ» አለችው። እሷ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ባሏ ደግሞ ባሕር መሐል የቆሙ የነፋስ ተርባይኖች ስለሚጠግን ሁለት ሳምንት አለ፣ ሁለት ሳምንት የለም። ጥቂቱ ጊዜ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ኤጎን ሲያጉረመርም የሰማው ሰው የለም፤ ደስ ብሎት ነበራ!

አስታ አራት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ከተገለጠ ጀምሮ ምላሷ አያርፍም። ወንድሟ ኡፈ ሦስት ዓመቱ ሲሆን ንግግር ላይ ቁጥብ ነው፤ እህቱ ስለምትናገርለት መሰለኝ። ሁለቱም ኤጎንን «ሞርፋር» ይሉታል፣ የእናት አባት ለማለት።

ኤጎን ስለ ሕፃናት ትምህርት አንብቦ አያውቅም። ቤቱ ውስጥ የተረፈው ቡሎንና ዳዶ ነው፤ ስለዚህ በቡሎንና በዳዶ አስተማረ። ጠዋት የኢንገሊሰን ባለ አሥራ ሁለት ጉድጓድ የኬክ መጋገሪያ ወለል ላይ ያኖርና አንድ ባልዲ ብረት ይዘረግፍላቸዋል። «በሉ፣ ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ!» ሲል ሁለቱ ይራኮታሉ። አስታ በዚህ መንገድ እስከ አርባ መቁጠር ለመደች፤ ኡፈ ደግሞ የትኛው ዳዶ ለየትኛው ቡሎን እንደሆነ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ዳብሶ ያውቃል። ከምሳ በኋላ የመርከብ ጨዋታ አለ። አስታ ካፒቴን ናት፣ ኡፈ ሞተር ነው፣ ኤጎን ደግሞ ባሕር ነው። ባሕሩ ብርድ ልብስ ስር በሆዱ ተኝቶ ጀርባውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ካፒቴኗ ላዩ ላይ ተቀምጣ «ማዕበሉ አነሰ!» እያለች ትጮህበታለች። አንዳንድ ቀን ባሕሩ እንቅልፍ ይወስደውና ያንኮራፋል።

ታዲያ በዚያ አገር ልጅ ሦስት ዓመት ሲሞላውና ቤት የሚውል ከሆነ፣ አፉን በደንብ መፍታቱን የምታይ ባለሙያ ከማዘጋጃ ቤት ትመጣለች። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ጉንቮር የምትባል ለስላሳ ሴትዮ መጣች፤ ሥዕል የተሳለባቸው ካርዶች ይዛ ወለሉ ላይ ከኡፈ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ማይከንም ከሥራ አስፈቅዳ መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር።

ጉንቮር መሐሉ ክፍት የሆነ ክብ ኬክ አሳየችው። «ኡፈ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ኩሽኔታ» አለ ኡፈ።

ማበጠሪያ አሳየችው። «ሴጌቶ» አለ፣ ጥርሳሙን የብረት መጋዝ።

«እሺ፣ ይህቺስ?» ብላ የላም ሥዕል አወጣች። ኡፈ ጎንበስ ብሎ የላሚቱን ጡት መረመረ፤ ራሱንም ነቀነቀ። «ታፈሳለች» አለ።

ኤጎን ሳቁን ለመዋጥ ብሎ አፉ ውስጥ የነበረውን ቡና በአፍንጫው አወጣው። አስታም ጣልቃ ገባች፦ «ላም መሆኗን ያውቃል እኮ! ጥገና እንደሚያስፈልጋት እየነገረሽ ነው!»

ጉንቮር ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እሷም ስቃ እንባዋን ጠረገች። ስትወጣ ግን ለማይከን እንዲህ አለቻት፦ «ልጁ ብልህ ነው። ቃላቱ ግን ሁሉም የጋራዥ ናቸው። ከእኩዮቹ ጋር ቢውል ጥሩ ነው።»

ኤጎን ይህን ከኩሽና ሰማ። የታጠበውን ስኒ ደግሞ አጠበው።

በዚያ አገር ሰው የሚዳረውም የሚፋታውም በኮምፒውተር ነው፤ የሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት ኃላፊ ቶቨ ግን ወረቀት በእጇ ካልጨበጠች አታምንም። ማይከን ረቡዕ ማታ በአባቷ ጠረጴዛ ላይ ፎርሙን ሞላችና «አባዬ፣ ዓርብ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ለቶቨ ስጥልኝ። ከዚያ በኋላ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል» አለችው። እሷ ከሄደች በኋላ ኤጎን ወረቀቱን አነሳ። «የምዝገባ ቅጽ፦ አስታ፣ ኡፈ» የሚለውን አርዕስት አነበበ፤ ከዚያ በላይ ለማንበብ አንጀቱ እንቢ አለው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀቱን ከቅቤ መያዣው ስር ሸጎጠው። እነዚህ ልጆች ከሄዱ እኔ ጠዋት ለምን እነሳለሁ? አለ በልቡ።

ዓርብ ጠዋት የ«ገምቱኝ» ደብዳቤ የሚሠራበት ቀን ነበር። ፋሲካ ሲቃረብ ልጆች ወረቀት አጥፈው በመቀስ ይበሳሱታል፤ ሲዘረጋ ዳንቴል ይሆናል። መሐሉ ላይ ግጥም ይጻፋል፣ ከበረዶ ስር ብቅ ከሚሉት ነጫጭ አበቦች አንዷ ትገባበታለች፣ የላኪው ስም በፊደሎቹ ልክ በነጥብ ብቻ ይቀመጣል። ተቀባዩ ላኪውን ካላወቀ የቸኮላት እንቁላል ዕዳ አለበት። ለልጆች ጣት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከየት ይመጣል?

ኡፈ መቀሱን እንደያዘ አሥራ አንድ ንጹሕ ወረቀት ፓስታ አደረገው። ቀጥሎ የኤጎንን ሱሪ ጉልበት ቆረጠ። አስታም «ወረቀት አለቀ!» ብላ ጮኸች፤ ወደ ኩሽና ሮጣም አንድ ወረቀት እያውለበለበች መጣች፣ ጥጉ ላይ ቅቤ የነካው።

ኤጎን አየው። መነጽር ሳያደርግም ያውቀዋል።

«ሞርፋር፣ በዚህ ልሥራ?»

 አይሆንም፣ የእናትሽ ነው ማለት ነበረበት። ይህን እያወቀ ከአፉ የወጣው ግን «ሁለት ጊዜ እጠፊው» የሚል ሆነ።

ወይ ኤጎን! ስልሳ ሰባት ዓመት ኖሮ!

አስታ ቆረጠች፣ ኡፈ በሳ፤ ኤጎንም ላብ እያጠመቀው ባዶ ቦታ ፈልጎ ግጥሙን ጻፈ፣ ነጯን አበባም ሰካበት። ስም በነጥብ ሲባል ደግሞ አስታ ነጥብ ማስቀመጥ ስለምትወድ መቆም አቃታት፤ ወረቀቱ ኩፍኝ የወጣበት መሰለ። ኤጎን ዓይኑ እምብዛም ለማያይ ለሽማግሌ ጎረቤቱ ሊልከው አስቦ ነበር፤ ከዚያም ለልጁ «ፎርሙ ጠፋብኝ» ሊላት። ሦስቱም ምሳቸውን በቦርሳ ይዘው ወጡ። በማይከን ደጅ ሲያልፉ ኤጎን የኡፈን ጫማ ለማሰር ጎንበስ አለ። ቀና ሲል አስታ በእናቷ ፖስታ ሣጥን ፊት በኩራት ቆማለች።

«የት አለ ደብዳቤው?»

«ለእማዬ ላክሁት!»

ኤጎን የሣጥኑን በር ሳበ። ሣጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ማይከን ጋ ነው፣ ማይከን ደግሞ ሰባት ሰዓት ላይ ትመጣለች። እጅጌውን ሰብስቦ እጁን በቀዳዳው ሰደደ። የጣቱ ጫፍ ወረቀቱን ነካ። ትንሽ ገፋ አደረገና እስከ ክርኑ ገባ፤ ከዚያ አልወጣ አለ።

«ተጣብቀሃል?» አለች አስታ።

«አልተጣበቅሁም። እያረፍሁ ነው።»

«ግራሶ!» አለ ኡፈ ቆፍጠን ብሎ። ከምሳው ቦርሳ ዳቦውን አወጣና ላዩ ላይ የተቀባውን የተፈጨ ጉበት በአያቱ ክንድ ላይ ይለቀልቅ ጀመር። ሽታው የጎረቤቱን ውሻ ጠራው። ውሻው ሁለት እግሩን ኤጎን ወገብ ላይ ሰቅሎ ክንዱን ይልስ ገባ፤ ኤጎንም እየተኮረኮረ «ኧረ ሂድ! ኧረ በሕግ!» እያለ ሲንፈራገጥ የብስክሌት ደወል ተሰማ።

ማይከን ነበረች። ዱቄት የነካው ልብሷን እንደለበሰች ብስክሌቷን ይዛ ቆመች።

«አባዬ፣ ቤቴን እየዘረፍህ ነው?»

«ደብዳቤ እያመጣሁልሽ ነው።»

«እጅህን አብረህ ነው የምትልከው?»

ሣጥኑን በቁልፍ ከፈተችና ከአባቷ ጣቶች ስር ደብዳቤውን ወሰደች። ኤጎን የትም መሄድ አይችልም፤ ፊቱን ወደ አጥር አዞረ። ማይከን ጮክ ብላ አነበበች፦ «ማን ላከኝ፣ ገምቺ፤ ካላወቅሽ እንቁላል አምጪ።» ሳቀች። ቀጥሎ ወረቀቱን ዘርግታ ገለበጠችው። ሳቋ ቆመ።

«ይሄ የኔ ጽሑፍ ነው።»

«ነው» አለ ኤጎን።

«ፎርሙ መሆኑን አውቀህ ነው?»

ውሸት አፉ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ክንዱ ሣጥን ውስጥ፣ ውሻ ወገቡ ላይ ያለ ሰው ምን ብሎ ይዋሻል? «አውቄ ነው። እንዲወስዷቸው አልፈለግሁም። እነሱ ከሌሉ ቤቱ ጭር ይልብኛል፣ ማይከን። እናትሽ ከሞተች ወዲህ የሚያስቀኝ እነሱ ብቻ ናቸው።»

ማይከን ውሻውን ከወገቡ ላይ አወረደችለት። ከዚያ ዳንቴሉን ዓይኑ ድረስ አቀረበችለትና መነጽሩን ከግንባሩ ወደ አፍንጫው አወረደችለት። «በል አንብብ። እዚህ ጋ፣ ሳይቆረጥ የቀረውን።»

ኤጎን አነበበ። «የሚቆዩበት ሰዓት፦ እስከ እኩለ ቀን ብቻ። የሚወስዳቸው፦ አያታቸው ኤጎን፤ ከዚያ በኋላ የሚውሉት ከእሱ ጋር ስለሆነ።» ቀጥሎ አንድ ቀዳዳ ነበረ። ከቀዳዳው በታች፦ «እባካችሁ ሰዓቱን አትለውጡብን፤ ከእሱ ሊለዩ አይችሉም።»

ደግሞ አነበበው።  «ይሄን... ረቡዕ ነው የጻፍሽው?»

«ፊት ለፊትህ ተቀምጬ! ጠዋት ጠዋት ትንሽ እንድታርፍ ብዬ እኮ ነው፤ ብርድ ልብስ ስር ስታንኮራፋ ስንቴ አገኘሁህ? ሰዓቱ ስንት ነው አሁን?»

ስምንት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ይቀረው ነበር። ማይከን ከቤት ሳሙና አምጥታ ክንዱን አስለቀቀችለት። ኤጎን ልብሱን ሳይቀይር፣ ውሻውን አስከትሎ፣ በተቆረጠው የሱሪ ጉልበቱ ብርድ እየገባ ሮጠ። ልጆቹም «ፍጠን ሞርፋር!» እያሉ ተከተሉት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ማይከን ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። «እሺ፣ ምን አለች?»

ኤጎን ትንፋሹን እስኪሰበስብ አስታ ቀደመችው። «ቶቨ ወረቀቱን ወደ መብራት አንስታ በቀዳዳው አየችን! ከዚያ ማኅተም የምትመታበት ቦታ ፈልጋ ፈልጋ፣ አበባዋ አጠገብ መታች! እኔም ሁሉንም ነገርኋት!»

«ስለዚህ ተቀብላቸዋለች?»

«ሰኞ ይጀምራሉ» አለ ኤጎን፤ ጉሮሮውንም ጠረገ። «ስለ ኡፈ የጋራዥ ቃላት አትጨነቁ፣ ምንም አይልም አለች። የሚያሳስባት አያትየው ነው፤ በዚህ ዕድሜው ከአርዕስት በታች ማንበብ አለመቻሉ። እሱም ሰኞ አብሯቸው ይምጣና ጥግ ላይ ይቀመጥ፣ ምናልባት ከልጆቹ ጋር ፊደል ይለምድ ይሆናል ብላለች።»